መብራት የሚበላ ቤት ለምታከራዩ ወገኖቼ

ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለአከራዮች ነው። ከግቢያችሁ ጀርባ አምስት ስድስት ክፍል ደርድራችሁ ለምታከራዩ፣ ኮንዶሚኒየም ደርሷችሁ ለሰው ለሰጣችሁ፣ መሬት በሊዝ ወስዳችሁ ባለ አሥር ፎቅ መስታወት ለምታቆሙም ጭምር። ተከራዮችም መሐንዲሶችም ተራችሁ ይደርሳል። የምለው ነገር ይቆጠቁጥ ይሆናል። እንደ ወንድም ስሙኝ።

ቤቱን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። መስኮቱ በየት በኩል እንደሚሆን፣ ቆርቆሮው ከሥሩ ኮርኒስ ይኑረው አይኑረው፣ ሽቦው ወፍራም ይሁን ቀጭን፣ ስንት ቆጣሪ እንደሚገባ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ቢሉ ሲመጣ ግን ከፋዩ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ስትሠሩ ርካሹን ትመርጣላችሁ። በቀን እንኳ አምፖል ካልበራ የማይታይበት ክፍል ትሠሩና፣ ተመልሳችሁ ደግሞ «መብራት አትፍጁ» ብላችሁ ተከራዩን ትቆጣላችሁ። ይሄ ደግ አይደለም። ጥፋቱ የተሠራው ግንበኛው ብሎኬት ሲደረድር ነው። ተከራዩ ገና አልመጣም ነበር።

አንድ የማውቀውን ግቢ ላሳያችሁ። ሰርቪሶቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ አምስት ክፍሎች ናቸው። ጀርባቸው ከጎረቤት አጥር ጋር ተጣብቋል፤ መስኮት የላቸውም። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። በሩ ከተዘጋ ስድስት ሰዓት ላይም ጨለማ ነው። በየበሩ «ምጣድ፣ ስቶቭ፣ ካውያ መጠቀም ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ማታ አራት ሰዓት ሲሆን ከትልቁ ቤት ብሬከሩ ይወርዳል። ልጅ የቤት ሥራ ይዞ ቢሆን፣ አራስ ብትኖር፣ ያው ነው። ቆጣሪው አንድ ነው። ወር ሲሞላ ቢሉ ለአምስት ይካፈላል። ፍሪጅ ያለው «አንተ ትጨምራለህ» ይባላል፤ ስንት መጨመር እንዳለበት ግን የሚያውቅ የለም። እንዲህ ያለ ግቢ በየሰፈሩ እንዳለ እናንተም እኔም እናውቃለን።

እስቲ ያንን አንድ ቆጣሪ በደንብ እንየው። የመብራት ታሪፍ በእርከን ነው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል። ያ እርከን የተቀመጠው አቅም ለሌለው ሰው ታስቦ ነው። ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይወጣል። አሁን አስሉት። አምስቱ ተከራዮች እያንዳንዳቸው 40 ኪሎዋት ሰዓት ተጠቀሙ እንበል። የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው አምስቱም ከታችኛው እርከን አይወጡም ነበር። በአንድ ቆጣሪ ግን 200 ሆኖ ይነበባል። ለድሃ የተባለው ዋጋ ድሃው ጋ ሳይደርስ እናንተ በር ላይ ቀረ ማለት ነው። ማንም አልሰረቀውም፤ ግን አልደረሰውም። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተደርጓል። ስለዚህ ይህ ነገር ነገ ከዛሬ የባሰ ይከብዳል።

አዲስ ቆጣሪ ማስገባት አበሳ ነው፣ ደጅ ጥናቱ ብዙ ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። እስከዚያው ግን ለየክፍሉ የምትገጠም ትንሽ የውስጥ ቆጣሪ አለች፤ ኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጡ ጋ ትገኛለች። እርከኑን አታስተካክልም፤ ቢያንስ ግን እያንዳንዱ የተጠቀመውን ያህል እንዲከፍል ታደርጋለች። በየወሩ የሚነሣውንም ጭቅጭቅ ታበርዳለች። የሚከፍለውን በዓይኑ የሚያይ ሰው አምፖሉን ራሱ ያጠፋል። ብሬከር የሚያወርድ ዘበኛ አያስፈልገውም።

ምጣድ መፍራታችሁ ይገባኛል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ነው። ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን አይችለውም። ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳት ያስነሣል። ግን መፍትሔው ክልከላ ነው ያለው ማን ነው? ለምጣድ የራሱ መስመር፣ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ይሰጠዋል። አምስት ክፍል ላለው ግቢ አንድ የጋራ ማድ ቤትና አንድ ጥሩ ምጣድ ይበቃል። ተራ ይዞ በተከታታይ መጋገር ራሱ ይቆጥባል። አንዷ ጨርሳ ሌላዋ በጋለው ላይ ከቀጠለች፣ ምጣዱ ከቅዝቃዜው ተነሥቶ እንደገና እስኪግል የሚበላው መብራት ይቀራል። ኮንዶሚኒየም ሲታሰብ ይህ ገብቷቸው ነበር። በየብሎኩ አጠገብ የተሠሩት የጋራ መገልገያ ቤቶች እንጀራ እንዲጋገርባቸው፣ በግ እንዲታረድባቸው፣ ልብስ እንዲታጠብባቸው ነበር። ስንቱ ሳይት ላይ ነው ዛሬ ሱቅና መጋዘን ሆነው የተከራዩት? የነዋሪ ኮሚቴዎች፣ ይሄ እናንተን ይመለከታል።

ክልከላው ምን እንደሚያመጣም አናውቅም አንበል። ስቶቭ የተከለከለ ሰው ከሰል ያቀጣጥላል። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ የኅዳርን ሌሊት ብርድ አይመልስም። ስለዚህ ምድጃውን ወደ ውስጥ ያስገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ ይተኛል። ከሰል ፍም ከሆነ በኋላ ጭስ ስለሌለው የማይጎዳ ይመስላል። ገዳዩ ግን ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ተኝተው ያልተነሡ ሰዎች ወሬ በየጊዜው እንሰማለን። «የከሰል ጭስ ነው» እንልና ለቅሶ ደርሰን እንመለሳለን። መስኮት የሌለውን ክፍል ማን ሠራው ብለን አንጠይቅም። ስቶቩን ማን ከለከለ ብለንም አንጠይቅም። አከራይ ሆይ፣ ይህንን ጥያቄ ሌላ ሰው ከመጠየቁ በፊት አንተ ራስህን ጠይቅ። መስኮት ማውጣት ካልተቻለ፣ ከግድግዳው ሥርና ከጣሪያው አጠገብ አየር ማስገቢያና ማስወጫ ክፈት። የአንድ ቀን የግንበኛ ሥራ ነው። ከሰሉ ግን ያኔም ቢሆን ውጭ ይቅር።

ወደ ትልልቆቹ ልምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሯን ብዙ አገር በገንዘብ አያገኘውም። በወጉ የተሠራ ቢሮ ውስጥ መስኮት ከፍቶ መሥራት ይቻላል፤ ኤሲ አያስፈልግም። እናንተ ግን ሕንጻውን ከላይ እስከ ታች በመስታወት ትሸፍኑና መስኮቱን ታሽጉታላችሁ። ያለነው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነው። ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናታችን አካባቢ ናት። ጠዋትና ከሰዓት ግን ዝቅ ብላ በቀጥታ በምሥራቅና በምዕራብ ግድግዳ ትገባለች። ለዚህ ነው ሰፊ መስኮት ለሰሜንና ለደቡብ የሚሰጠው። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በምዕራብ በኩል ያለ ቢሮ ግቡና እዩ። ሠራተኛው ፀሐዩ ስላቃጠለው መጋረጃውን ዘግቷል። መጋረጃው ስለተዘጋ ጨልሞበት መብራት አብርቷል። መስታወቱ ያስገባው ሙቀት መውጫ ስላጣ ኤሲ ከፍቷል፤ ኤሲ ከሌለው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ቬንትሌተር ይዞራል። በውድ ዋጋ ከውጭ ያስመጣችሁት መስታወት ቀኑን ሙሉ ተሸፍኖ ይውላል፣ የሚከፍለውም ተከራዩ ነው።

ዱባይ አይተን ነው የምትሉ አላችሁ። ዱባይ ራሷ የአረንጓዴ ሕንጻ ደንብ አውጥታ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግል ሕንጻዎች ላይ ሳይቀር ግዴታ አድርጋለች። መስታወቱን አያችሁ፣ ደንቡን ግን አላመጣችሁም። ከሩቅ መሄድም አያስፈልግ ነበር። ፒያሳ አካባቢ ከቀሩት አሮጌ ቤቶች አንዱን ተመልከቱ። በረንዳው ሰፊ ነው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ መስኮቱ የእንጨት መከለያ አለው። ሐረር ጀጎል ውስጥ የድንጋዩ ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ውጭ ፀሐይ ሲበረታ ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል። እነዚያን የሠሩ ሰዎች የሚሰኩት ማቀዝቀዣ ስላልነበራቸው ፀሐይዋን ማወቅ ነበረባቸው። ዛሬ የአዲስ አበባን ፕላን ገልብጦ ሰመራና ጋምቤላ ላይ የሚያቆም ባለሙያ አለን። ይህ ያሳዝነኛል። የቆላ ሰው ጥላና ነፋስ እንጂ የደጋ ቤት አያስፈልገውም።

ውሃውንም እንዳትረሱ። በየፎቁ የሚፈስ ሽንት ቤት የውሃ ብክነት ብቻ አይደለም፤ ያ ውሃ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ የወጣው በፓምፕ፣ ፓምፑም በመብራት ነው። ፀሐይ እንዲህ በሞላበት አገር ለሻወር የሚሆነውን ውሃ በፀሐይ ማሞቅ የተለመደ መሆን ነበረበት።

«ግድቡ አልቋል፣ ኃይል ሞልቷል፣ ምን አስጨነቀህ?» የሚለኝ አይጠፋም። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ እኔም እንደ ሰው ሁሉ ደስ ብሎኛል። 5,150 ሜጋዋት ቀላል ነገር አይደለም። ግን ከየት እንደመጣ እናስታውስ። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ከተጣለ ጀምሮ ከደሞዝ እየተቆረጠ፣ ቦንድ እየተገዛ፣ ሊስትሮውና የጉልት ቸርቻሪዋ ሳይቀሩ አዋጥተው ነው። ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው ግን ዛሬም መብራት የለውም። ለግድቡ ያዋጣች የገጠር እናት ማታ ኩራዝ ታበራለች። እኛ ከተማ ውስጥ መስኮት ያልወጣለት ኮሪደር ላይ ጠራራ ፀሐይ እያለ አምፖል ደርድረን እንውላለን። የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አልጮህም ነበር። የእሷን ድርሻ ነው የምናቃጥለው።

ሕግ የለም ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የወጣው የሰው ጤናና ደኅንነት በሕንጻ ምክንያት እንዳይጎዳ ነው። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኃይል ቁጠባን የሕግ ጉዳይ ካደረገው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በተግባር ግን ቤቱ ስንት ኃይል ይፈጃል ብሎ አከራዩን የሚይዝ የለም። በእንግሊዝና በዌልስ ቤት በኃይል አጠቃቀሙ ከኤ እስከ ጂ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ኤ ምርጡ፣ ጂ የመጨረሻው ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤፍ ወይም ጂ ያገኘ ቤት፣ በሕጉ ልዩ ምክንያት ካልተመዘገበለት በቀር፣ ለአዲስ ተከራይ አይሰጥም። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነባር ተከራዮችም ላይ ሠርቷል። አከራዩ ቤቱን ያድሳል ወይም ኪራዩ ይቀርበታል። እኛ ጋም እንዲህ ያለ ደንብ እንዲመጣ እፈልጋለሁ፣ በግልጽ እናገራለሁ። የምጠይቀው ግን የአውሮፓን የብርድ መከላከያ አይደለም። መስኮት፣ ኮርኒስ፣ ጥላ፣ የየራስ ቆጣሪ፣ በወጉ የተዘረጋ ሽቦ ነው። ይህም በዛብን የሚል አከራይ ካለ፣ ስንት ዓመት ኪራይ እንደበላ ቆጥሮ ይናገር።

ተከራዮች፣ እናንተም ተራችሁ ደረሰ። «መብራት ከኪራዩ ጋር ነው» ከተባላችሁ ስቶቭ ለኩሳችሁ ቤት የምታሞቁ፣ ቦይለሩን ሰክታችሁ ሥራ የምትሄዱ አላችሁ። አከራዩ ወረቀት የሚለጥፈው ከዚህ ተነሥቶም ነው። ባለ 60 ዋት አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ይሰጣል፤ ቀይሩት። ደግሞም የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ያዛል። ሁለት ዓመት የምትኖሩበትን ቤት በአምስት ደቂቃ አይታችሁ አትፈርሙ። ቆጣሪው የት ነው? ከማን ጋር ነው የምጋራው? ምጣድ የሚችል መስመር አለ? በሩን ዘግታችሁ ቁሙና ይታያችሁ እንደሆነ እዩ። የተስማማችሁትን ደግሞ ውሉ ላይ አስጽፉ። በአፍ የተባለ ነገር ወር ሲሞላ ይረሳል።

መሐንዲሶች፣ ደንበኛው መስታወት ቢል «ይሁን» ብቻ አትበሉ። እሱ ፀሐይዋ በየት በኩል እንደምትገባ የማወቅ ግዴታ የለበትም፤ እናንተ አለባችሁ። እናንተ የሕንጻ ሹሞች ደግሞ የመጠቀሚያ ፈቃድ ልትሰጡ ስትሄዱ ኮለንና ፓርኪንግ ቆጥራችሁ አትመለሱ። እኩለ ቀን ላይ ሂዱ፣ መብራቱን አስጠፉ፣ መሐል ኮሪደር ላይ ቁሙ። የያዛችሁትን ፕላን ማንበብ ካቃታችሁ ፈቃዱን አትስጡ።