ቀላል ሽጉጥ ርግጫው አይቀልም

ወንድሜ፣ «ለጀማሪ ቀለል ያለ ማግነም (ኃይለኛ ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ) ስጡት፣ ከባዱ እጅ ይሰብራል» ብለሃል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ጥይቱ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ የሽጉጡ ክብደት በግማሽ ሲቀንስ የርግጫው ጉልበት፣ ማለትም ሲተኮስ ሽጉጡ ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል፣ እጥፍ ይሆናል። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኩባንያ 329 ፒዲ ሽጉጥ 700 ግራም ገደማ ነው። የዚያው ኩባንያ ብረቱ ሞዴል 29 1.3 ኪሎ ገደማ ነው። ሁለቱም .44 ማግነም ይተኩሳሉ። ቀላሉ መዳፍህን በዱላ እንደተመታ ያነዝረዋል፤ ከባዱ እጅህን ገፋ አድርጎ ከፍ ያደርገዋል። ለጀማሪ ከባዱን በ.44 ስፔሻል ጥይት ስጠው። በዚያው ሽጉጥ ይሠራል፣ ርግጫውም ለስላሳ ነው።

ደግሞ እባክህ፣ መጀመሪያ አንድ ጥይት ብቻ አጉርስለት። አፈሙዙ ወደ ላይ ሲዘል ጣት ሳያስበው ምላጩን ሊስብ ይችላል። ያኔ ሁለተኛው ጥይት የሚወጣው ወደ ዒላማው አይደለም።