አብሽር፣ ሞተሩ አልተከፈተም

ባለፈው ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሐርቡ፣ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ግቢ ውስጥ ቆሜ፣ መዳፌን ለሽያጭ የቀረበ አሮጌ ትራክተር ሞተር ላይ አሳርፌ ነበር። ቀጠሯችን 3 ሰዓት ነው። ቀድሜ የመጣሁት ሆን ብዬ፣ ሞተሩን በእንቅልፍ ልቡ ለመያዝ ነው። ሞተሩ ግን ከእኔ ቀድሞ ነቅቷል። ለብ ብሏል እንዳልል፣ አሁን ከምጣድ እንደወጣ እንጀራ ይፋጃል።

«ተነስቶ ነበር እንዴ?» አልኩ።

ባለቤቱ ሽርጡን እያጠበቀ፣ «አብሽር ጋሼ፣ ፀሐይ መትታው ነው» አለኝ።

ፀሐይዋ ገና ከጋራው ጀርባ ፊቷን እየታጠበች ነበር።

ወሎዬ ነኝ። «አብሽር»ን ሳልናገራት የዋልኩበት ቀን የለም። ሰው ሲሞት፣ ልጅ ፈተና ሲወድቅ፣ ዝናብ ሲዘገይ አብሽር ነው። በቦታዋ ስትውል ከሐኪም መርፌ ትበልጣለች። የማልቀበላት የሞተር ምርመራ ውጤት ሆና ስትመጣ ነው። ዘይት ይበላል ወይ? አብሽር። ስንት ዓመት አረሰ? አብሽር። ራዲያተሩ ያፈሳል ወይ? ከሥሩ ዳክዬ የሚያዋኝ ኩሬ ተጠራቅሟል፤ አብሽር!

በሞቀ ሞተር ምን አናደደህ የሚለኝ ካለ፣ እንዲህ ነው። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በካንዴላ ብልጭታ አይለኮስም። ፒስቶኑ አየሩን ሲጨምቀው አየሩ ይግላል፤ የጋለው አየር ላይ ናፍጣ ሲረጭበት ይነዳል። ፒስቶኑን የከበበው ቀለበት፣ ፋሻው፣ ካለቀ፣ ሲሊንደሩ ከሰፋ፣ የታመቀው አየር ሾልኮ ያመልጣል፤ ሙቀቱም አይበቃም። ይህ ገመና ፈጦ የሚወጣው ሞተሩ ቀዝቅዞ አድሮ ጠዋት ሲነሳ ነው። አንዴ ከሞቀ ሽማግሌውም ጎረምሳ ይመስላል። ለነገሩ ሐርቡ ቆላ ስለሆነ ሞተሩ ባያሞቁትም አየሩ ያግዘዋል። እንደ እኔ ቢሆን ደሴ አውጥቼ ጦሳ ተራራ ሥር ብርድ ላይ አሳድሬው፣ ጠዋት ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሲያስል ነበር የምሰማው።

ገዢው የእህቴ ባል ነው። ቦርከና ወንዝ ዳር ማሽላና ማሾ ያመርታል፤ የኪራይ ትራክተር ወረፋ ሲጠብቅ ዝናቡ እያለፈበት ተማሯል። እኔ የተጠራሁት ድሮ አይሱዙ ስለነዳሁ ነው። በእኛ ቤተሰብ አንዴ መሪ የጨበጠ ሰው፣ ከልብስ ስፌት መኪና እስከ አውሮፕላን ድረስ ይጠየቃል።

የትራክተሩን ፋብሪካ ስም አልጠራም፤ እሱ የዛሬ ስንት ዓመት ደህና አድርጎ ሠርቶ ላከ እንጂ ምን አጠፋ? ትራክተሩ የእኔ እኩያ ነው፤ ቀለሙ ግን የትናንት። ደማቅ ቀይ ለቅልቀውታል። ብረቱን፣ ቡሎኑን፣ ዳዶውን፣ ዘይት የሚያንጠባጥብበትን ስንጥቅ፣ እንዲያውም ሞተሩን ከላይ የሚከድነው ቴስታታ ጥግ ላይ አንዲት ያልታደለች ዝንብን ከነክንፏ ቀብተዋታል።

«ሞተሩ አልተከፈተም» አለኝ ሰውየው፣ ደረቱን ነፍቶ።

ለጥገና ተፈትቶ አያውቅም ማለቱ ነው። አሮጌ መኪና ሊገዛ የሄደ ሁሉ ይህችን ያውቃታል። እኔ ኩራቱ አይገባኝም። 40 ዓመት ያረሰ ሞተር አልተከፈተም ማለት፣ «አያቴ የሐኪም ቤት ደጅ ረግጠው አያውቁም» ብሎ እንደ መፎከር ነው፤ አያት ሌሊቱን ሙሉ ሲያስሉ እያደሩ። አለመከፈቱስ በምን ይታወቃል? የድሮው ቀለም ቡሎኑ ሥር ሳይሰነጠቅ፣ የቡሎኑ ጥግ ቁልፍ ሳይነክሰው ሲገኝ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን ቀለም ከነከሩት በኋላ ማን ይመስክር? ዝንቧ?

ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ወደሚያሳየው ሰዓት ቆጣሪ ዞርኩ። 2,318 ላይ ቆሟል።

«ይሄ ይሠራል?»

«የኋላ ጎማዎቹ አዲስ ናቸው።»

ከተረት ሁሉ የምወዳት በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች የምትለዋን ነው። ብዙ ሰው በቅሎዋን ውሸታም ያደርጋታል። አልዋሸችም እኮ! እናቷ ባዝራ ናት፤ ፈረስ በእርግጥም አጎቷ ነው። የተጠየቀችውን ትታ ያልተጠየቀችውን እውነት ተናገረች እንጂ። የእኛም ሰው እንዲሁ ነው፤ ስለ ሞተሩ ስትጠይቀው ስለ ጎማው እውነቱን ይነግርሃል። ደሴ ቤት ልከራይ ሄጄ «ውሃ አለው?» ብል፣ አከራይቱ «መስጂዱም ቤተ ክርስቲያኑም ቅርብ ነው ልጄ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሁለቱም ቅርብ ሆኜ በጀሪካን ውሃ ተሸከምኩ።

ቆጣሪውን ልጨርስ። በእንዲህ ያሉ አሮጌ ትራክተሮች ላይ ቆጣሪው ከሞተሩ በሚመጣ ገመድ ነው የሚዞረው። ሞተሩ በሥራ ፍጥነት ሲሄድ ሰዓቱን ሰዓት ብሎ ይቆጥራል፤ በዝግታ ሲሠራ ያሳንሳል፤ ገመዱ ሲበጠስ ጭራሽ ጡረታ ይወጣል። ስለዚህ እግር የሚያርፍበትን ማየት ነው። የፍሪሲዮኑ መርገጫ ጥርሱ ተበልቶ አልቆ እንደ መስተዋት ለስልሷል። 2,318 ሰዓት እንዲያ አያደርግም፤ ሰው በባዶ እግሩ ቢጨፍርበትም አያደርግም።

ከኮምቦልቻ ይዤው የሄድኩት መካኒክ ዝምተኛ ነው። ሲናገርም ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ፋሻ፣ ፖምፓ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ማርሚታ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ሲሄድ፣ መንገዱንና መንገዱ ላይ የሚበላሸውን ነገር ሁሉ ስም ትቶልን ሄደ። አርበኞቻችን ሰውየውን አስወጡት፤ ፖምፓን ግን እስከ ዛሬ ያስወጣት የለም።

መካኒኩ የዘይት መለኪያውን መዘዘ። ዘይቱ ጥቁር ነው፤ ይሄ አያስደነግጥም፣ የናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ ይጠቁራል። ማኪያቶ መስሎ ቢወጣ ነበር የሚያስጮኸው፤ ያኔ ውሃ ገብቶበታል፣ ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ወይ ራሱ ቴስታታው ሄዷል ማለት ነው። ዘይቱን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገና ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «ወፍራም ሞልተውበታል» አለኝ። ወፍራም ዘይት ላረጀ ሞተር የሰርግ ልብስ ነው፤ ማንኳኳቱንም ጭሱንም ለጥቂት ጊዜ ይሸፍንለታል። ቀጥሎ አስነሳው። በአንዴ ተነሳ። ለምን አይነሳ፣ ተኝቶ መች ያውቃል? መካኒኩ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈተና እጁን ከላይ ያዘ። ጤነኛ ሞተር እዚያ ጋ ትንሽ እንፋሎት ቢያሳይ ነው። ይሄኛው እንደ ገነፈለ ጀበና ቱፍ ቱፍ ይላል፤ ያ በፋሻው በኩል የሚሾልከው የታመቀ አየር ነው።

ከዚያ ጭሱ መጣ፤ ከጭሱ ጋር ሰፈሩ። ሐርቡ ውስጥ ያለ ሥራ ፈት ሁሉ ከበበን። መካኒኩ እንደሚለው ጥቁር ጭስ ናፍጣ በዝቶ ወይም አየር ማጣሪያው ታፍኖ ነው፤ ነጭ ጭስ ሳይነድ የወጣ ናፍጣ ወይ ውሃ ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ችግሩ የቀለም ስምምነት የለንም። አንዱ ነጭ ነው ይላል፣ አንዱ ጭስ ነው እንጂ ምን ቀለም አለው ይላል። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው አተኩረው አዩና፣ «ዳለቻ ነው» አሉ።

ዳለቻ!

እኔ ዳለቻ የሚባል ነገር አልወድም። በ2001 ዓ.ም. የአባቴ ወንድም ባቲ ሰኞ ገበያ ወስዶ አንድ ዳለቻ በሬ አስገዛኝ። ጥርሱን አየሁ፣ ሻኛውን ዳሰስኩ፣ ሆዱ ግጥም ብሎ ሞልቷል። አጎቴ ጀርባውን መታ መታ እያደረገ «ይሄ በሬ አይደለም፣ ሀብት ነው» አለ። ለካ ሌሊቱን ጨው አልሰው፣ ጠዋት ውሃ አጠጥተው ነው ያመጡት። ማክሰኞ ሆዱ ጎደለ። ረቡዕ ቀንበር ስናሳየው ተኛ። ሐሙስ የጎድን አጥንቱን ልጆቼ መቁጠር ይለማመዱበት ነበር። አጎቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ በሰርግም በሐዘንም ስንገናኝ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ «ውሃ ለውጦበት ነው»። ውሃማ ለውጦታል፣ ባቲ ላይ የጠጣውን ሽንቶ ጨረሰዋ! አንድ ቀን እንኳ «ተሳስቼ ነበር» ቢለኝ ምን ነበረበት? የድለላ ብር በልቷል አልልም። ግን ለምን ይሆን በዚያው ሳምንት ጫማ የለወጠው?

ወደ ትራክተሩ ስመለስ ቡና ደርሷል። ቡና የዚህ አገር ዋስትና ነው፤ አቦሉን የጠጣህለትን ሰው ሞተር በቶናው እንዴት ታማለህ? መካኒኩ ዳገት ላይ ጭነት አስይዘን እንየው፣ ሲግል ዘይቱ ይቀጥናል፣ የዘይት ግፊቱ ያኔ ነው መታየት ያለበት አለ። ተጎታቹ ጎማ የለውም ተባለ። ከጎረቤት ይምጣ አልን። «አብሽር፣ መጀመሪያ ቡና ጠጡ።» በረካው ላይ ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ፤ «ያረቢ፣ በረካ አርግላቸው፤ ማረሻውን ከድንጋይ፣ ገዢውን ከጸጸት ጠብቅ» አሉ። ቤቱ «አሚን!» አለ። እኔም አልኩ፤ ዱዓ ላይ አሚን አልልም ይባላል? ቀና ስል የእህቴ ባል ቀብድ እየቆጠረ ነው። ለካ አሚን ያልነው በዋጋው ላይ ኖሯል።

እዚህ ላይ አልሳቅኩም። ይሄ ሰው ሁለት በሬና የምትታለብ ላም ሸጦ፣ የቀረውን ከዘመድ ለቃቅሞ ነው የመጣው። ትራክተሩ ሰኔ ላይ ቢቆምበት በሬ የለውም፣ ላም የለውም፣ ዕዳ ብቻ አለው። ይህንን እዚያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያውቃል። ጭሱንም ሁሉም አይቷል። ግን የሰው ገበያ ማፍረስ ነውር ነው ተብሎ ሁሉም ስኒውን አየ። ገበያ ማፍረስ ነውር ከሆነ፣ ቤት ማፍረስስ ምን ይባላል? ያ ሁሉ ሰው የእህቴን ባል በቡናና በምርቃት ከቦ ሲያስበላው፣ ማንም ክፉ አልነበረም። እሱ ነው የሚያበሽቀኝ፤ የምናደድበት አንድ ክፉ ሰው እንኳ አልተገኘም።

እንደ ምንም ብዬ አንድ ነገር አስፈረምኩ። ቀሪው ብር የሚከፈለው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ አድሮ፣ በእኛ ፊት ከተነሳ ብቻ ነው። ሰውየው «አብሽር» አለ። እኔም በአብሽር አልተኛሁም፤ «ለቀብዱ መያዣ» ብዬ ባትሪውን አስፈትቼ ተሸክሜ መጣሁ። ባትሪ ከሌለ ማስነሻው፣ ሞተሪኖው፣ አይዞርም፤ ሞተሪኖው ካልዞረ ማን ያሞቀዋል? ባትሪው አሁን ደሴ፣ አልጋዬ ሥር ነው። ባለቤቴ አሲዱ ምንጣፌን በላው ብላ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ይሁን።

ይህንን እየጻፍኩ፣ ሰኞ ማታ፣ ስልክ ተደወለ። ሰውየው ነው። ድምፁ በደስታ ይንቀጠቀጣል፤ ከኋላው ዱግ ዱግ የሚል ነገር ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ የጉድ ሞተር እኮ ነው! የሰፈሩ ልጆች ቁልቁል ገፋ ቢያደርጉት ያለ ባትሪ ተነሳ! እንግዲህ ዋጋው ላይ ትንሽ ትጨምሩልናላችሁ። ለነገው አብሽር፣ ሌሊቱን አናጠፋውም።»