ከፍለው የሚሠሩት የሌሊት ሥራ

ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ሌሊቱን አሸዋ ላይ ሲንከራተት ማየት መጀመሪያ ያስቃል። ኮስታሪካ፣ ቶርቱጌሮ ዳርቻ ላይ ግን የተለመደ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት አረንጓዴዎቹ የባሕር ኤሊዎች እንቁላል ሊጥሉ ይወጣሉ። እኔም እንደሌሎቹ በጎ ፈቃደኞች ለማደሪያና ለምግቤ ከፍዬ ገባሁ።

ሥራው ሲያወሩት ደስ ይላል፤ ሲሠሩት አብዛኛው መጠበቅ ነው። ጥቁር ልብስ፣ ዝናብ፣ ትንኝ። ነጭ መብራት ኤሊዋን ወደ ባሕር ስለሚመልሳት ስልክ ማብራት ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው ቀይ መብራት ነው፣ እሱም በቁጠባ። ጉድጓዷን ቆፍራ እስክትጨርስ ማንም አይጠጋትም። መጣል ስትጀምር ግን ፍዝዝ ትላለች። ያኔ አንዱ ከኋላዋ በሆዱ ተኝቶ፣ ጓንት ባጠለቀ እጁ የሚወርደውን እየዳሰሰ ይቆጥራል። መቶ አካባቢ ይሆናል። ድቡልቡል ነው፤ ቅርፊቱም እንደ ቆዳ ይለሰልሳል። ከዚያ የጀርባዋ ርዝመት ይለካል፣ የፊት መቅዘፊያዋ ላይም ቁጥር ያለው ትንሽ ብረት ይደረግላታል። አሜሪካዊው አርቺ ካር በ1950ዎቹ (በፈረንጆቹ) እዚህ የጀመረው ምርምር ነው እስከ ዛሬ የቀጠለው።

የሚመራን ግን የመንደሩ ሰው ነበር። እኛ በቀይ መብራት የምንፈልገውን ዱካ እሱ በጨለማ ያየዋል። በዚያ አካባቢ ድሮ ኤሊ ያድኑ የነበሩ አስጎብኚዎች አሉ፤ በሕይወት ያለችው ኤሊ እንጀራ ሆናላቸዋለች። በፓስፊክ በኩል ኦስቲዮናል ላይ ደግሞ ሕጉ ራሱ መንደርተኛው ኤሊዎቹ በጅምላ በሚወጡባቸው የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቁላል እንዲሰበስብ ይፈቅዳል። ምክንያቱም የኋለኞቹ ኤሊዎች የቀደሙትን እንቁላል ለማንኛውም ቆፍረው ያበላሹታል። መንደርተኛው በምላሹ ዳርቻውን ይጠብቃል።

እኛ ባሕር ባይኖረንም ነገሩ አዲስ አይሆንብንም። የመንዝ ሰው ጓሳ የሚባለውን የሣር መሬት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩን ለዓመታት እየዘጋ፣ ሲደርስ ከፍቶ እያጨደ አቆይቶታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ አሉ። ሰሜን ተራሮች ላይ ግን የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 (በፈረንጆቹ) ከፓርኩ ወጥተው ሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ተደረገ። የግጦሹ ጫና ከባድ እንደነበር አልክድም። ቢሆንም ልቤ ወደ ጓሳ ያደላል።

እኛ ፈቃደኞቹ ኪሳችን ውስጥ የመመለሻ ቲኬት ነበረን። ስለዚህ «እኔም ልሂድ?» የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ከምትከፍለው ውስጥ ለመንደሩ የሚቀረው ስንት እንደሆነ አጣርተሃል ወይ ብዬ ነው።