መንጋጋው ቀለበት ይሁን?

የክርክሩ ርዕስ፦ በአውስትራሊያዋ ላይትኒንግ ሪጅ፣ ግሪማን ክሪክ ከሚባለው የአለት ንብርብር የሚወጣ፣ ኦፓል (የከበረ ድንጋይ) የሆነ አጥንት ለጌጥ መቆረጥ የለበትም።

ሰናይት (የጂኦሎጂ መምህርት)፦ አለቱ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። በአጥንቱ ቦታ ሲሊካ ገብቶ ኦፓል ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1985 ስም የወጣለት ስቴሮፖዶን ሦስት ጥርስ ያለው ቁራጭ መንጋጋ ነው። በዚያች ቁራጭ የፕላቲፐስ (እንቁላል የሚጥለው የአውስትራሊያ አጥቢ እንስሳ) የጥንት ዘመድ ታወቀ። ለኦፓል ቆፋሪው ግን አጥንቱም ድንጋዩም አንድ ነው። አፈሩን በአሮጌ ሲሚንቶ ማደባለቂያ ያጥበዋል፤ የተረፈው ካበራ ይቆረጣል።

ጋሽ መኮንን (ድንጋይ ቆራጭ)፦ እህቴ፣ «አንድ ነው» ነው ያልሽው? ዊዋራሳውረስ የተባለውን ዳይኖሰር መንጋጋ ማን ለየው? ማይክ ፖበን፣ የኦፓል ነጋዴ! ከገዛው ኦፓል መሃል ጥርስ አየ። ዳይኖሰሩ እ.ኤ.አ. በ2018 በስሙ ተጠራ። እኔም የወሎውን የወገል ጤና ኦፓል አገላብጬ ሳላይ መቁረጫ አላስነካም። ደግሞ አብዛኛው አጥንት ቀለም የሌለው ግራጫ ኦፓል ነው። ማን ቀለበት ያደርገዋል?

ሰናይት፦ ፖበን ስለለገሰው አወቅነው። ያልለገሱትስ? በሰው አንገት ላይ ስንት መንጋጋ ተንጠልጥሎ እንደሆነ ማን ቆጠረ? ወሎንም አያምጡብኝ ጋሼ። የወገል ጤና ኦፓል ከእሳተ ገሞራ አለት ነው የሚወጣው፤ ዳይኖሰር አይጠብቁበት።

ጋሽ መኮንን፦ ስለ ወሎ ድንጋይ ትምህርት አልጠየቅኩዎትም፣ መምህርት። የጠየቅኩት «አንድ ነው» ስላሉት ነው። ሮበርት ፎስተር የሚባል ቆፋሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የዳይኖሰር አጥንት አግኝቶ ሲድኒ ወዳለ ሙዚየም ወሰደ። ፎስቶሪያ ተብሎ ስም የወጣለት እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ቆፋሪው በአንድ ቀን የለየውን ምሁር ለመሰየም ከ30 ዓመት በላይ ፈጀበት!

ሰናይት፦ እሺ፣ «ለአንዳንድ ቆፋሪ» ይበሉት፤ ደስ ካለዎት። መዘግየቱ ያናድዳል፣ እኔንም። ግን የዘገየ አጥንት አለ፤ የተቆረጠ የለም። ለለገሰም የግብር ቅናሽ ተፈቅዶለታል።

ጋሽ መኮንን፦ የግብር ቅናሽ! ዓመቱን ሙሉ ቆፍሮ ባዶ እጁን ለወጣ ሰው ከምኑ ላይ ይቀነስለት? መጀመሪያ ጥሬ ገንዘብ ይክፈሉት፣ ከዚያ አትቁረጥ ይበሉት።

ሰናይት፦ ርዕሳችን መቁረጥ ነበር፤ ገንዘብ መቼ ገባበት?

ጋሽ መኮንን፦ ኦፓል ሲባል ነዋ! «አንዳንድ» ላሏት ግን አመሰግናለሁ።