ማስተካከያ፦ የዙልሒጃ (የሐጅ ወር) 10ኛው ቀን አይጾምም

ሰሞኑን ዓለም ገናና ሰበታ አካባቢ በስልክ እየተላለፈ ያለው መልእክት «የዙልሒጃን አስሩንም ቀናት ጹሙ» ይላል። ስህተት ነው። መጾም የሚወደደው ሑጃጆች (ሐጅ አድራጊዎች) መካ አጠገብ ባለው አረፋ ላይ እስከሚቆሙበት እስከ 9ኛው ቀን ነው፤ 10ኛው ዒድ አል-አድሃ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሁለቱ ዒዶች መጾምን መከልከላቸው በሐዲስ ሰብሳቢዎቹ በኢማም ቡኻሪና በኢማም ሙስሊም መጻሕፍት ሰፍሯል። ሰፈራችን ያሉ አንዲት እናት ለዒዱ ሌሊት ሱሑር (ከጾም በፊት ሌሊት የሚበላ ምግብ) ብለው ቴምር ለይተው አስቀምጠው ነበር፤ ያሳዝናል። የረመዷን ቀዳ (ላልተጾመ ቀን የሚጾም ማካካሻ) ያለባችሁ እህቶችም በዚያ ቀን አታውጡ፣ አይቆጠርላችሁም። 9ኛው ቀን ግን አያምልጣችሁ፤ ሐጅ ላይ ላልሆነ ሰው የሁለት ዓመት ወንጀል (ኃጢአት) እንደሚያስምር ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። መልእክቱን ያስተላለፋችሁ ይህንንም አስከትሉ፤ ማንበብ ለማይችሉ እናቶቻችን በቃል ንገሯቸው።