ሐሳቡ ከንግግሩ በፊት ይጻፍ

በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ ሐሳብ ሲፈለግ ስብሰባ ይጠራል። ሰብሳቢው አጀንዳውን አስተዋውቆና የራሱን አቋም በሰፊው አብራርቶ ሲያበቃ መድረኩን ለቤቱ ክፍት ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ዕድል የሚሰጣቸው አብዛኞቹ «ቀደም ሲል የተነሣውን ሐሳብ እጋራለሁ» በማለት ይጀምራሉ። ከእንዲህ ዓይነቱ ስብሰባ አዲስ ነገር አለመገኘቱ የሠራተኛው ድክመት ሳይሆን የአሠራሩ ውጤት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሐሳብን በቡድን የማፍለቅ ዘዴን ያስፋፋው አሜሪካዊው የማስታወቂያ ባለሙያ አሌክስ ኦስቦርን፣ ሐሳብ በሚፈልቅበት ጊዜ ማንም እንዳይተች፣ እንግዳ የሚመስለውም እንዲበረታታ፣ ብዛት እንዲፈለግና የአንዱ ሐሳብ በሌላው እንዲዳብር ደንብ አውጥቶ ነበር። ደንቡ መልካም ነው፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1958 በዬል ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት፣ ለየብቻቸው ያሰቡ አራት ሰዎች ሐሳባቸው ሲደመር አብረው ከተወያዩት አራት ሰዎች በእጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳየ። ምክንያቱን እ.ኤ.አ. በ1987 የመረመሩት ሚካኤል ዲል እና ቮልፍጋንግ ስትሮቤ ዋናው እንቅፋት ተራ መጠበቅ መሆኑን አረጋገጡ፦ አንዱ ሲናገር ሌላው ወይ ያሰበውን ይረሳል፣ ወይ «አሁን አግባብ አይደለም» ብሎ ይተወዋል፣ ወይም እያዳመጠ አዲስ ማሰቡን ያቆማል። በእኛ አገር በዚህ ላይ የዕድሜና የሥልጣን ክብር ይጨመራል። አለቃ ከተናገረ በኋላ የተለየ ሐሳብ ማቅረብ እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር፣ ከባለጉዳይ ጋር በየቀኑ የሚውለውና ችግሩን ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ጀማሪ ሠራተኛ ዝም ብሎ ይወጣል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ጀርመናዊው በርንድ ሮርባህ እ.ኤ.አ. በ1968 ባቀረበው ዘዴ ስድስት ሰዎች በየአምስት ደቂቃው ሦስት ሦስት ሐሳብ ጽፈው ወረቀቱን ለጎረቤታቸው ያስተላልፋሉ፤ ወረቀቱ ዞሮ ሲያበቃ በግማሽ ሰዓት እስከ 108 ሐሳብ ይሰበሰባል። ብዙዎቹ እንደማይረቡ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን የሚመረጥበት ነገር ይኖራል። ለእኛ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ወረቀቱ ስም ባይጻፍበት፣ ሰብሳቢውም የመጨረሻው ተናጋሪ ቢሆን እመክራለሁ።

ይህ ሲባል ውይይት ይቅር ማለት አይደለም። የተጻፈውን ለማነጻጸር፣ ለማዳበርና ለመምረጥ የብዙ ሰው ዓይን ያስፈልጋል፤ ኦስቦርንም ቢሆን ቡድኑ የግል ማሰላሰልን እንዲተካ አልፈለገም። ቃለ ጉባኤ ያዡም የጸደቀውን ብቻ ሳይሆን የታለፈውንም ከነምክንያቱ ይመዝግብ፤ ዛሬ በበጀት እጥረት የተተወው ሐሳብ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ሲወጣ ተፈልጎ መገኘት አለበት።