የ54 ሴንቲ ሜትር ትምህርት

ላውፈንቡርግ የሚባል ቦታ አለ። ራይን ወንዝ መሃሉን ሰንጥቆት ያልፋል። ወንዙን ተሻግሮ አንዱ ወገን ጀርመን ነው፣ ሌላው ስዊዘርላንድ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለቱ አገሮች አዲስ ድልድይ እየሠሩ ነበር፤ አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ ጀምሮ።

ጀርመን የቦታ ከፍታ የምትለካው ከሰሜን ባሕር ተነስታ ነው። ስዊዘርላንድ ደግሞ ከሜዲትራኒያን። የሁለቱ መነሻ 27 ሴንቲ ሜትር ይለያያል። ይህ የተደበቀ ነገር አልነበረም። ልዩነቱ ቀድሞ ታውቋል፣ ማስተካከያውም ተሰልቷል። ስሌቱ ላይ ግን የመደመርና የመቀነስ ምልክቷ ተገለበጠች። 27ቱ መጥፋት ሲገባው እጥፍ ሆኖ 54 ሴንቲ ሜትር ወጣ። በጀርመን በኩል ያለው ወገን ዝቅ እንዲል ተደረገና ነገሩ ተስተካከለ።

ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች የምህንድስና ትምህርትን በጋራ ለማሻሻል ተፈራረሙ የሚል ዜና ባየሁ ቁጥር ይህች ድልድይ ትዝ ትለኛለች።

ዜናው ሁሌም ይመሳሰላል። ሁለት ሰዎች እስክሪብቶ ይዘው ይቀመጣሉ። ከኋላቸው ባንዲራ ይቆማል። የተማሪ ልውውጥ ይባላል፣ የመምህራን ልውውጥ ይባላል፣ የጋራ ምርምር፣ የላብ ዕቃ ድጋፍ ይባላል። ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ሰነዱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ከአምስት ዓመት በኋላ «ለመሆኑ ምን ተገኘ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም።

ስምምነት ጠልቼ አይደለም። ልዩነትን በወረቀት ማስፈር አንድ ነገር ነው። አንድ ሥራ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ ምልክቷ ፕላስ ናት ማይነስ ብሎ መጠያየቅ ግን ሌላ ነው። የትብብሩ ገንዘብና ጊዜ መሄድ ያለበት ወደ ሁለተኛው ነው ባይ ነኝ። አሁን የሚሄደው በአብዛኛው ወደ መጀመሪያው ነው።

አንድ ላብ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። የብረት ናሙና ይዞ እስኪበጠስ የሚጎትት መፈተሻ ማሽን ነው። በትብብር ከውጭ የመጣ ውድ ዕቃ። ላስቲክ ለብሷል። ላስቲኩ አቧራ ለብሷል። አቧራው ላይ ደግሞ አንዱ ተማሪ በጣቱ ስሙን ጽፎበታል። ለምን አይሠራም ብዬ ስጠይቅ የላቡ ቴክኒሺያን ሳቅ አለ። ማሽኑ ምንም አልሆነም። የኮምፒውተሩ ሶፍትዌር ፈቃድ ነው ያለቀው። አሠራሩን የሰለጠኑት ሁለት መምህራን ነበሩ። አንዱ ለዶክትሬት ሄደ፣ ሌላው ሥራ ቀየረ። ቴክኒሺያኑ ግን እዚያው ነው፣ በየቀኑ ላቡን ይከፍታል፣ በየቀኑ ይዘጋል። እሱን ያሰበው የለም። ሰነዱ ላይ «መምህራን» የሚል እንጂ «ቴክኒሺያን» የሚል ቃል አልነበረም።

ተማሪዎቹ ብረት ሲጎተት የሚያወጣውን ግራፍ ያውቁታል፤ ሰሌዳ ላይ ተስሎላቸዋል። ሲበጠስ የሚያሰማውን ጧ የሚል ድምፅ ግን አንድም ቀን አልሰሙትም።

የተሳካም አለ እኮ። በተለምዶ አይአይቲ የሚባሉትን የሕንድ የቴክኖሎጂ ተቋማት ውሰዱ። ሕንድ ነፃ ከወጣች በኋላ የቦምቤዩን በሶቪየት ኅብረት እገዛ፣ የማድራሱን ከምዕራብ ጀርመን ጋር፣ የዴልሂውን ከብሪታንያ ጋር፣ የካንፑሩን ከአሜሪካ ጋር አቋቋመች። በቀዝቃዛው ጦርነት መሃል፣ ከሁሉም ጋር! ይህ ብልጠት ካልሆነ ምን ይባላል?

የካንፑሩን ጠጋ ብለን እንየው። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1972 ድረስ ዘጠኝ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው አገዙት። ኤምአይቲ፣ ካልቴክ፣ ፕሪንስተን፣ በርክሌይ ከነሱ መካከል ናቸው። መምህራኖቻቸው ሪባን ቆርጠው አልተመለሱም። እዚያው እየኖሩ አስተማሩ፣ ከሕንዳውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሥርዓተ ትምህርት ቀረጹ። ከካንፑርም ወደ አሜሪካ ሄደው ሠልጥነው የተመለሱ ነበሩ። በ1963 አይቢኤም 1620 የሚባል ኮምፒውተር ገባ። ያኔ ኮምፒውተር ማለት አንድ ክፍል የሚይዝ ዕቃ ነው፤ ብዙ ቦታ ቢሆን ተቆልፎበት እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚጎበኝ ነበር። እዚያ ግን መምህሩም ተማሪውም ፕሮግራም መጻፍ ተማረበት። ካንፑር ሕንድ ውስጥ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ቀድሞ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ሆነ። አሥሩ ዓመት ሲያልቅ አሜሪካኖቹ ወጡ። ተቋሙ ቀጠለ።

እዚህ ላይ አንድ ወቀሳ አለ፤ እውነትም ነው። ከነዚህ ተቋማት የወጡ ብዙ ጎበዞች ሻንጣቸውን ይዘው አሜሪካ ገቡ። ድሃ አገር አስተምሮ ሀብታም አገር ቀጠረ። በመልካም ትብብር ውስጥም ይህ ጉድጓድ አለ፤ እያዩ መሄድ ነው። ስዊድኖች ኡፕሳላ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ በመሠረታዊ ሳይንስ ዘርፍ የሚያካሂዱት ፕሮግራም ያበረታታው ዘዴ ሳንድዊች ይባላል። ተማሪው የሚመዘገበው አገሩ ላይ ነው። ለተወሰኑ ወራት ሄዶ ይሠራል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ምርምሩም፣ አማካሪውም፣ ሥራውም አገሩ ውስጥ ሥር ይኖረዋል። ፍልሰትን ጨርሶ አያስቀርም። ግን አራት አምስት ዓመት ሙሉ ሌላ አገር ተቀምጦ «ተመለስ» ከመባል በእጅጉ ይሻላል።

ሌላው የትብብር መልክ ዕውቅና ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የብሪታንያ፣ የአየርላንድ፣ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ዕውቅና ሰጪ አካላት ዋሽንግተን አኮርድ የሚባለውን ስምምነት ፈረሙ። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንተ አገርህ ላይ መዝነህ ያሳለፍከውን የምህንድስና ዲግሪ እኔም ራሴ እንዳሳለፍኩት እቆጥረዋለሁ። ትምህርቱ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም፤ በደረጃ ከተመጣጠነ ይበቃል። በኋላ ደቡብ አፍሪካ፣ ጃፓን፣ ማሌዢያ፣ ቱርክና ሌሎችም ገቡ። ሕንድ በ2007 ጊዜያዊ አባል ሆና ሙሉ አባልነት ያገኘችው በ2014 ነው። ሰባት ዓመት ፈጀባት።

ብዙ ተማሪ ይህን ሲሰማ «በቃ፣ በዲግሪዬ የትም አገር መሐንዲስ ነኝ» ይላል። አይደለም። ስምምነቱ የሚናገረው ስለ ትምህርቱ ብቻ ነው። የሙያ ፈቃድ የየአገሩ ሕግ ጉዳይ ነው።

እኔን የሚማርከኝ ግን ሌላው ክፍሉ ነው። አባላቱ እርስ በርስ ይፈተሻሉ። በየተወሰነ ዓመቱ ከሌላ አገር የመጡ ገምጋሚዎች የአንዱን አገር ዕውቅና አሰጣጥ ቁጭ ብለው ያያሉ። ዕውቅና ሲሰጥ ደግሞ የተማሪ ሥራ ይገለጣል። የፈተና ወረቀት፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት። የጎበዙ ብቻ ሳይሆን ለጥቂት ያለፈውም ወረቀት ይታያል። አንድ ትምህርት ክፍል እውነተኛ ደረጃው የሚታወቀው እዚያች ለጥቂት ያለፈች ወረቀት ላይ ነው። ሲያስተምር የኖረ ሰው ይህን ያውቃል።

ጉዳቱ? ፋይል ማሳመር። እንግዳ ሊመጣ ሲል ቤት እንደሚጠረገው ማለት ነው። ገምጋሚ ሊመጣ ሦስት ወር ሲቀረው መምህሩ ማስተማሩን ትቶ ሰንጠረዥ ሲሞላ ይከርማል። የትኛው ጥያቄ የትኛውን የብቃት መስፈርት ይለካል፣ ይህ ይጻፍ፣ ያ ይፈረም። ገምጋሚው ሲሄድ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። ይህ የስምምነቱ ጥፋት ነው አልልም። ግን ሥራው ወረቀት ላይ ሲቀር ምን እንደሚሆን ጥሩ አድርጎ ያሳያል።

የሀብታም አገር ትምህርት ምሉዕ ነው፣ የሌላው ጎዶሎ ነው የሚል ሐሳብ ካላችሁ እሱንም ተዉት። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ኤምአይቲ ከሦስት የስዊድን ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከቻልመርስ፣ ከኬቲኤችና ከሊንሸፒንግ ጋር ሆኖ ሲዲአይኦ የሚባለውን እንቅስቃሴ የጀመረው የራሳቸው ምሩቃን ጉድለት አሳስቧቸው ነው። ልጆቹ ቀመሩን ጥንቅቅ አድርገው ያውቃሉ፤ በቡድን አንድ ነገር ሠርተው አስነስተው አሳዩን ሲባሉ ግን ይደናገራሉ። መፍትሔው ተማሪው ገና ከመጀመሪያው ዓመት እንዲያስብ፣ እንዲነድፍ፣ እንዲሠራና እንዲያንቀሳቅስ ማድረግ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከመቶ በላይ የትምህርት ተቋማት በዚህ መንገድ ይሄዳሉ። ያም ሆኖ የሃያ ተማሪ ወርክሾፕ ላላቸው የታሰበን አሠራር ሁለት መቶ ተማሪ ላለው ክፍል እንዳለ መገልበጥ አይሆንም። ሞክረን አይተነዋል።

ነፃ የኢንተርኔት ትምህርቱስ ለሚል፣ ጥሩ ነው። ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ2001 የኮርሶቹን ማስታወሻና ፈተና ለዓለም ሁሉ በነፃ እንደሚለቅ ሲያስታውቅ ትልቅ ነገር ነበር። ብዙዎቻችን ተጠቅመንበታል። ግን ቪዲዮ ጥያቄ አይጠይቅህም።

የሚጠይቀው አብሮህ የሚሠራው ሰው ነው። አንድ ሴሚስተር የተከታተልኩት የጋራ ኮርስ ነበር። በሁለት አገር ያሉ የሦስተኛ ዓመት መካኒካል ተማሪዎች አንዱ ወገን ይነድፋል፣ ሌላው ወገን ወርክሾፕ ገብቶ ይሠራል። ዕቃው ቀላል ነው፤ ለትንሽ ፓምፕ የሚሆን መደገፊያ። ድሮዊንጉ ተላከ፣ ብረቱ ተቆረጠ፣ ተቦረቦረ። ሥራው ንጹሕ ነው። ፓምፑ ላይ ሲገጠም ግን ቀዳዳው በተቃራኒው በኩል ሆኖ አረፈው። መስታወት ውስጥ እንዳየኸው ግልባጭ!

ጭቅጭቅ ተነሳ። እነዚያ «ድሮዊንጋችን ትክክል ነው» ይላሉ። እነዚህ «እኛም ያለውን ነው የሠራነው» ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። የአንድን ዕቃ የፊት፣ የጎንና የላይ ገጽታ ወረቀት ላይ የት የት እንደሚቀመጥ የሚወስኑ ሁለት የአሣሣል ስልቶች አሉ። አንደኛው ወገን የተማረው ፈርስት አንግል ፕሮጀክሽን የሚባለውን ነው፤ በአውሮፓና በብዙ አገሮች የሚሠራበት። ከቀኝ የታየው ገጽታ ወደ ግራ ይሣላል። ሌላው የተማረው አሜሪካኖቹ የሚጠቀሙበትን ሰርድ አንግል ነው፤ ከቀኝ የታየው በቀኝ በኩል ይቀመጣል። የትኛው እንደሆነ የምትናገር ትንሽ ምልክት አለች፣ ጫፉ የተቆረጠ ኮንና ሁለት ክቦች። ድሮዊንጉ ጥግ ላይ ነበረች። ማንም አላያትም። ሁሉም በአንደኛ ዓመት ፈተና ላይ መልሰዋታል እኮ!

በዚያው ሰሞን ሌላ ተከተለ። «2,500» የሚል ልኬት ላይ አንዱ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብሎ አነበበ፣ ሌላው ሁለት ነጥብ አምስት። ነጥብና ነጠላ ሰረዝ በየአገሩ ቦታ ይቀያየራሉ። ደግነቱ ይህችኛዋ ብረት ሳይቆረጥ ተያዘች።

የዚህ ኮርስ ወጪ ምን ነበር? ሁለት ፈቃደኛ መምህራን፣ ኢንተርኔት፣ ጥቂት ብረት። ባንዲራ አልነበረም። ከባዱ ነገር ሰዓት ነበር። አንዱ ጋ ሲመሽ ሌላው ጋ ይነጋል፣ የአንዱ ፈተና ሳምንት የሌላው ዕረፍት ነው፣ መምህራኑም ይህን የሚሠሩት መደበኛ ክፍላቸውን ሳይቀንሱ ነው። አስተዳደሩ ለአንድ የጆርናል ጽሑፍ ነጥብ ይሰጣል፤ ለእንዲህ ዓይነት ኮርስ ግን ምንም። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች ሲደክማቸው ነገሩ ያልቅለታል።

የትብብር ገንዘብ ያለው አካል ቢያማክረኝ መጀመሪያ የምለው ይህንኑ ነው። የመምህሩን ሰዓት ግዙ። የሁለቱ ወገን መምህራን የአንዱን ተማሪ ሥራ አብረው ያርሙ፤ ማርክ ሲለያይ ለምን እንደተለያየ ይከራከሩ። ማሽን ከላካችሁ ቴክኒሺያኑን ከነስሙ ሰነዱ ውስጥ አስገቡት፣ ለሥልጠናም እሱን ውሰዱት፤ የሶፍትዌሩን ዕድሳትና መለዋወጫውንም ለአሥር ዓመት አስቡበት። ጉዞውም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይሁን። መብራት ጠፍቶ የማያውቅበት አገር ያደገ ተማሪ የሚነድፈው ፓምፕ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ሁለት ወር አይቆይም። ይህን ሊያስተምረው የሚችለው በየቀኑ የሚቆራረጥበት ሰው ነው።

ያ ኮርስ በቀጣዩ ዓመት አንዴ ተደግሟል። አዲስ ተማሪዎች፣ አዲስ ድሮዊንግ። ከወርክሾፑ ወገን ያለች አንዲት ልጅ ፋይሉን ከፈተች፣ በቀጥታ ወደ ታችኛው ጥግ ወረደች፣ ኮኗን ፈለገች፣ አጣቻት። ብረቱን ሳትነካ አንዲት መስመር መልእክት ላከች፦ «ፈርስት ነው ሰርድ?»